የግቢው በርና የእልፍኙ በር

በፈረንሳይ አገር የፈረንሳይኛን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተምሮ በማስትሬት ዲግሪ ለመመረቅ የሚያስፈልገው የታወቀ ነው። ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ ሁለት ዓመት መማር፣ 120 ክሬዲት ማሟላትና የጥናት ጽሑፍ አዘጋጅቶ ማቅረብ ነው። ወደ ዶክትሬት ለማለፍ የሚያስብም አስቀድሞ ይህን ደረጃ መጨረስ ይገባዋል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ጠቅላይ ሚኒስትር ኤድዋር ፊሊፕ ሌላ ሸክም ጨመሩበት። ከአውሮፓ ኅብረትና ከጥቂት ጎረቤቶቹ ውጭ የሚመጣ አዲስ የማስትሬት ተማሪ፣ ከ2019 ጀምሮ በዓመት 243 ዩሮ መክፈሉ ቀርቶ 3,770 ዩሮ እንዲከፍል ተወሰነ። የዕቅዱ ስም ግን «እንኳን ወደ ፈረንሳይ በደኅና መጣችሁ» የሚል ነበር! የዶክትሬት ተማሪዎች ከጭማሪው ነፃ ሆኑ። ታዲያ የግቢውን በር ዘግቶ የእልፍኙን ክፍት መተው ለእንግዳው ምን ይጠቅመዋል?

መንግሥቱ፣ ገንዘቡ ለስኮላርሺፕና ለእንግዳ ተማሪዎች መስተንግዶ ይውላል ብሏል። ምክንያቱን አንንቅም። ነገር ግን ዛሬ ፈረንሳይኛን በየቀኑ ከሚናገሩት ሰዎች የሚበዙት አፍሪካውያን ናቸው። ቋንቋውን የሚያስፋፋለትን ሰው ከደጅ መመለስ ለባለቤቱም አይበጅም እንላለን።

ደንቡ ዩኒቨርሲቲዎች ከተማሪዎቻቸው የተወሰኑትን ከጭማሪው ነፃ እንዲያደርጉ ሥልጣን ሰጥቶ ነበር፤ በ2019 ብዙዎቹ ተጠቅመውበታል። ስለዚህ ወደዚያ ለመሄድ የሚያስብ ወጣት ስለ ትምህርቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ክፍያውም ዩኒቨርሲቲውን አስቀድሞ ይጠይቅ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።