የማን ስም ነው ከመቃብር በላይ የሚውለው?

ልጆቼ ሆይ፤ አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። ቃሉ መልካም ቃል ነው። ነገር ግን ስም በራሱ እግር ከመቃብር አይወጣም፤ የሚያወጣው ይፈልጋል፤ ይኸውም የሚናገር አፍና የሚጽፍ እጅ ነው። እንግዲህ አፉም እጁም የእኛ ከሆነ፣ የማንን ስም እያወጣን የማንን ስም ከሬሳው ጋር እንደምንቀብር ልንጠየቅ ይገባናል። እኔ ዛሬ የምከሰው ሌላውን ብቻ አይደለም፤ ከተከሳሾቹ ፊተኛው እኔ ራሴ ነኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠመኔ ይዤ ልጆችን መጻፍ ሳስተምር ኖሬ፣ በሚያስፈልገው ቀን ግን ሳልጽፍ ቀርቻለሁ።

በደሃና አንዲት እናት ነበሩ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ምክንያቱን በመጨረሻ እነግራችኋለሁ። ከመንደራችን በላይ ያለው ተዳፋት ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወዲህ ራቁቱን የቀረ ነበር። ዋግ በዚያ ዘመን ምን እንዳየች ለማወቅ የሚሻ አያቱን ይጠይቅ። ከተዳፋቱ ሥር ያለችው ምንጭ ጥር ሳያልቅ ትደርቅ ነበርና፣ ሴቶች እንስራ አዝለው ግማሽ ቀን ይሄዱ ነበር። እኒህ እናት ሽማግሌዎችን ደጅ ጠንተው፣ ለምነው፣ ተከራክረው፣ ተዳፋቱን ከፍየልና ከመጥረቢያ አስከለሉ። ከሴቶች ጋር ድንጋይ እየተሸከሙ እርከን ሠሩ። ወይራና ግራር ተከሉ። ሣሩም በማጭድ እየታጨደ ለየቤቱ እንዲከፋፈል እንጂ ከብት እንዳይገባበት ደንብ አስወጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምንጭዋ እስከ ሚያዝያ መዝለቅ ጀመረች። ይህ ተአምር አይደለም። በራቁት ተራራ ላይ የወረደ ዝናብ አፈሩን ይዞ ወደ ተከዜ ይነጉዳል፤ ሣርና ሥር ባለበት ግን ቀስ ብሎ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ የሰረገውም ውኃ በበጋ በምንጭ በኩል ይመለሳል።

ሕዝቡስ ምን አላቸው? ቁጥቋጦው ሲያድግ ዝንጀሮ መጣ፤ ጅብም ተሸሸገበት። ስለዚህ «የዝንጀሮ እረኛ» የሚል ስም አወጡላቸው። ልጆች ከኋላቸው እየጮኹ ይከተሉአቸው ነበር። እኔም መምህሩ ስቄአለሁ።

ባረፉ ጊዜ የሕይወት ታሪካቸውን ጽፌ በቀብሩ ላይ እንዳነብ ታዘዝሁ። በሚገባ ጻፍሁ፤ በጥሩ እጅ ጽሕፈት ጻፍሁ። የእገሌ ባለቤት እንደ ነበሩ፣ ባላቸው በውትድርና ምን ማዕርግ እንደ ደረሱ፣ ስንት ልጆችና ስንት የልጅ ልጆች እንዳፈሩ፣ እንግዳ ተቀባይና ጾመኛ እንደ ነበሩ ዘረዘርሁ። ስለ ተዳፋቱ ግን አንዲት መሥመር አልጻፍሁም። ከእረኞች ጋር የተጣሉበትን ነገር በቀብር ላይ ማንሣት ለጨዋ ሴት ክብር አይሆንም ብዬ አስቤ ነበር።

ሁለት ክረምት ሳያልፍ ክርክር ተነሣ። አንድ ሰው ብድግ ብሎ «ይህ ድሮም የወል ግጦሽ ነው፤ ማን ከለለው? መቼስ ተከለለ?» አለ። ደንቡን የተስማሙት ሽማግሌዎች አብዛኞቹ ሞተዋል። ወረቀት ተፈለገ። የእኒያን እናት ስም የያዘ አንድ ወረቀት ብቻ ተገኘ፤ እርሱም የእኔ ነበር። በሸንጎው ፊት ተነበበ። የባላቸውን ማዕርግ ይናገራል፤ ስለ ኮረብታው ግን ዝም ይላል። በሳምንቱ ፍየሎቹ ገቡ።

ልጆቼ ሆይ፤ ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። አለመጻፍ ትሕትና የሚመስለው፣ ነገር ግን ጉዳት የሆነ ሥራ መሆኑን እንድታውቁ ነው። የዚህም ጥፋት ሥር ያለው በእኔ ስንፍና ብቻ ሳይሆን፣ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» በሚለው ተረታችን ውስጥ ነው። ይህ ተረት በሴት ላይ የተነገረ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የጸሐፊን እጅ የሚያስር ገመድ ነው። ነገሩ በወንድ የሚያልቅ ከሆነ፣ የጀመረችውን መጻፍ ለምን ያስፈልጋል?

በአገራችን ካሉት ምሳሌዎች አንዱን ልጥቀስ። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር በተፈጥሮ ጥበቃ ስማቸው በዓለም የታወቀ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2000 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት፣ በ2006 ደግሞ ከተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ሌላ ታላቅ ሽልማት ተቀብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ባረፉ ጊዜ በሚገባ ተወደሱ። ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ የዕፅዋት ሊቅ ነበሩ። በእንግሊዝ አገር ተወልደው ዕድሜአቸውን በኢትዮጵያ ምድር ያሳለፉ፣ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት ዝርያ በዝርያ መዝግቦ ስምንት ቅጽ የሞላውን ታላቅ መጽሐፍ ካዘጋጁት ሊቃውንት አንዷ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በትግራይ ገበሬዎች ብስባሽ እያዘጋጁ የተጎዳ መሬታቸውን እንዲያድሱ የረዳውን ሥራ የመራውን ተቋም ያስተዳደሩ እርሳቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 አረፉ። እኔ በዚህ በዋግ ጽሕፈት ከሚያውቁ ወጣቶች ብጠይቅ፣ የባልየውን ስም የነገሩኝ ጥቂቶች ናቸው፤ የእርሳቸውን ግን አንድም አልነገረኝም። አንዱ ብቻ «ሚስቲቱም ፈረንጅ ነበረች መሰለኝ» አለኝ። አያችሁን? ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር አርሶ፣ ስለ አንዱ ብቻ ይዘፈናል። ቋንቋችንስ እንዴት እንደሚያጋድል አስተውሉ፤ ስለ ባል «እርሳቸው» ብለን በዚያው ዓረፍተ ነገር ስለ ሚስት «እሷ» እንላለን።

ከጎረቤታችን ከኬንያም ሌላ ትምህርት አለ፤ ይኸውም ዝም ማለት ሳይሆን ስም ማጥፋት ምን ያህል እንደሚደርስ ያሳያል። ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1940 በኬንያ ደጋ አገር ተወለዱ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በ1971 በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ሲቀበሉ በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆኑ። በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን መሠረቱ። የገጠር ሴቶች ችግኝ እያፈሉ ይተክላሉ፤ ለጸደቀላቸውም ችግኝ ጥቂት ገንዘብ ይከፈላቸዋል። ለተተከለው ሳይሆን ለጸደቀው መሆኑን ልብ በሉ!

በ1989 መንግሥት በናይሮቢ መካከል ባለው በኡሁሩ መናፈሻ ላይ ስድሳ ፎቅ ያለው ሕንፃ ለመሥራት ባሰበ ጊዜ፣ እኒህ ሴት ደብዳቤ እየጻፉ ተቃወሙ። በምክር ቤቱ ንቅናቄአቸው ከባሎቻቸው የተፋቱ ሴቶች ጥርቅም ነው ተብሎ ተሰደበ። ፕሬዚዳንት ሞይም በአፍሪካ ልማድ ሴት ወንድን አክብራ ዝም ማለት እንደሚገባት በአደባባይ ተናገሩ። ስለ ሕንፃው ለቀረበው ጥያቄ ከመመለስ ይልቅ ስለ ትዳራቸው የተናገሩ ነበሩ። በመጨረሻ ግን ገንዘብ ሊያበድሩ የነበሩት የውጭ ሰዎች አፈገፈጉ፤ ሕንፃውም ቀረ፤ መናፈሻውም ዳነ። በ1999 በካሩራ ደን ችግኝ ሲተክሉ ዘበኞች ራሳቸውን ፈነከቱአቸው። በ2002 ሕዝብ ለምክር ቤት መረጣቸው። በ2004 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ሲቀበሉ ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆኑ። በ2011 ሲያርፉ የመንግሥት ቀብር ተደረገላቸው፤ የሬሳ ሣጥናቸውም ስለ እርሳቸው ዛፍ እንዳይቆረጥ ከቀርከሃና ከውኃ ሣር የተሠራ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ባላቸው በ1979 በፍርድ ቤት ሲፈቱአቸው ስሜን አትጠሪ አሉ። እርሳቸውም ስሙን ከመጣል ይልቅ አንዲት ፊደል ጨምረውበት የራሳቸው አደረጉት። ከፈት ጥርቅም መሪነት ወደ ኖቤል ተሸላሚነት ሲሸጋገሩ ሴትዮዋ አልተለወጡም፤ የተለወጠው የጸሐፊው ብዕር ነው። ስድቡን የጻፉት ጋዜጦች ውዳሴውንም ጽፈዋልና።

ታዲያ ውዳሴ ብቻ ጻፉ ማለቴ ነውን? አይደለም። ባዶ ውዳሴ የስድብ መንትያ ወንድም ነው፤ ሁለቱም ሰውየውን አያውቁትም። ዋንጋሪ ማታይ በ2004 ስለ ኤድስ አመጣጥ ተናገሩት የተባለው ቃል በዓለም ዙሪያ ብዙዎችን አስቆጥቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት ያን አልልም፣ አላምንበትምም ብለው በጽሑፍ መለሱ። እውነተኛ ታሪክ ጸሐፊ ወቀሳውንም መልሱንም ይጽፋል። ጉድለት የሌለበት የሕይወት ታሪክ የቀብር ወረቀት ነው፤ እኔ የጻፍሁትን ዓይነት ማለቴ ነው።

አሁን የተቃዋሚዎቼን ቃል ልስማ። አንዳንዱ «ሥራው ራሱ ይመሰክራል፤ ዛፉ ቆሞ የለምን?» ይላል። ዛፍ ይቆማል እንጂ አይናገርም። ማን እንደ ተከለውና በምን ስምምነት እንደ ተጠበቀ የማይታወቅ ዛፍ፣ ለሚመጣው ባለ መጥረቢያ ባለቤት የሌለው ማገዶ ነው። ሌላው «ስለ ሴት ጠብና ክርክር መጻፍ ቤተ ሰቧን ለሐሜት ማጋለጥ ነው» ይላል። ወዳጄ ሆይ፤ ሐሜት አንተ እስክትጽፍ አይጠብቅም። ሐሜት በየጠላ ቤቱ ያለ ቀለም የሚጻፍ ታሪክ ነው፤ እውነቱ ካልተጻፈ የሚቀረው እርሱ ብቻ ነው። ሦስተኛው ደግሞ «ቁጥሩ ተጽፏል፤ ይበቃል» ይላል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ለዓለም ተነገረ። ተከላውን አልነቅፍም፤ እኔም ወጥቼ ተክያለሁ። ነገር ግን የተከልነውን እንደ ቈጠርን የጸደቀውን ቈጥረናልን? ጥር ላይ፣ ጸሐይ መሬቱን ሲሰነጥቅ፣ ከራስዋ ጥም ቀንሳ ችግኙን ያጠጣችውን ሴት ስም የያዘው መዝገብ የትኛው ነው?

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ስለ ዶርቃ ተምሬ ነበር። ዶርቃ በኢዮጴ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ በጴጥሮስ ፊት ቆመው ደግ ነበረች ብለው ብቻ አላለቀሱም፤ የሠራችላቸውን ልብስ እያነሡ አሳዩት። የማን ሚስት እንደ ነበረች መጽሐፉ አይነግረንም፤ የሠራችውን ግን ይነግረናል። እነዚያ መበለቶች ከእኔ የተሻሉ መምህራን ነበሩ።

እንግዲህ እናንተ ፊደል የቈጠራችሁ ልጆች፣ ይህን አድርጉ። በመንደራችሁ ምንጭ የጠበቀች፣ እርከን የሠራች፣ ደን ያስከለለች ሴት ካለች፣ ሳትሞት ሂዱና ጠይቋት። ስሟን ከአባቷ ስም ጋር ጻፉ፤ የባሏን በኋላ ትጽፋላችሁ። «ብዙ ደከመች» አትበሉ፤ የት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ከማን ጋር፣ ስንት እርከን፣ ከተከለችው ስንቱ እንደ ጸደቀ ጻፉ። የተቃወሟት ሰዎች ካሉ እነርሱንም ጠይቁ፤ ፍየል ያለው ድኃ ግጦሽ ሲከለከል የሚያነሣው ነገር አለውና ቃሉን ሳታጣምሙ ጻፉ። ያልተሳካላትንም ጻፉ፤ የሚከተላት ሰው በዚያው ጉድጓድ እንዳይወድቅ ይረዳዋል። ጽፋችሁም ስትጨርሱ አንብቡላት፤ ያልወደደችውን የግል ነገር ሰርዙ፤ እውነተኛ ሆኖ ያልወደደችውን የአደባባይ ሥራ ግን ከእርሷ ጋር ተከራከሩበት።

ስለ እኒያ እናት ስም ቃል ገብቼላችሁ ነበር። ከልጅ ልጆቻቸው አንዲቱ የእኔ ተማሪ ነበረች። ባለፈው ዓመት ደብተር ይዛ ወደ ቤቴ መጣች፤ በሸንጎ የተነበበውን ወረቀት ጠየቀችኝና ሰጠኋት። አነበበችው፤ ከዚያም በጨዋ አንደበት «የኔታ፣ ይህ የአያቴ ሳይሆን የአያቴ ባል ታሪክ ነው» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁን በየቤቱ እየዞረች፣ በሕይወት የቀሩትን ሴቶችና ሁለቱን ሽማግሌዎች እየጠየቀች ትጽፋለች። ስሙን ቀድሞ የማተም መብት የእርሷ ነው፤ እኔ ዕድሌን አሳልፌአለሁ። የእኔ ድርሻ፣ ጠይቃኝ ሳለ፣ መሳቄን ጭምር መመስከር ነበር፤ መስክሬአለሁ፤ በደብተሯም ጽፋዋለች።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ የሚጽፈው ካለ። እስክሪብቶው በእጃችሁ ነው፤ ተዳፋቱም ገና አልጠፋም።