ጠመንጃው ከግድግዳ ይውረድ

ለአደንም ይሁን ለማሳ ጥበቃ የተገዛ ጠመንጃ በብዙ ቤት ጥይት እንደጎረሰ ከአልጋው ራስጌ ይሰቀላል፤ ዝናሩም አብሮት ይንጠለጠላል። ባለቤቱ ሲጠየቅ «ሌሊት ሌባ ቢመጣስ?» ይላል። ሌባው በዓመት አንዴም ላይመጣ ይችላል። ልጁ ግን ሁልጊዜ እዚያው ቤት ነው። አባቱ ሲያቀባብል አይቷል፤ ምላጩ የት እንዳለ ያውቃል። «ልጄ አይነካም» የሚል አባት ልጁን ለዕድል ትቶታል።

አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ አድርጎታል። ፈቃዱ ግን ወረቀት ነው፤ ሳጥን አይቆልፍም። የሚቆልፈው ባለቤቱ ነው። ቤት ሳይገባ ጥይቱን ያውጣ፤ ውስጡ የቀረ እንደሌለ በዓይኑ ይመልከት። ጠመንጃውን በአንድ ሳጥን፣ ጥይቱን በሌላ ቆልፎ ቁልፉን ከራሱ አይለይ። ይህን ማድረግ የከበደው ሰው ጠመንጃ ባይኖረው ይሻላል።

እናንተም አንብባችሁ ስትጨርሱ ቀና ብላችሁ ግድግዳችሁን እዩ።