ፕሮንግሆርን በቁመት አይዳኝም

በአንድ የአደን ዓምድ ላይ፣ ሚዳቋ መሰሉ የሰሜን አሜሪካ እንስሳ የፕሮንግሆርን ቀንድ በርዝመቱ ብቻ ቢዳኝ ይበቃል፣ የቀረው ልኬት የወረቀት ጣጣ ነው የሚል አስተያየት አነበብኩ። ጸሐፊው ሜትር ይዘው አንድም ቀንድ የለኩ አይመስለኝም።

የታደኑ እንስሳትን የቀንድ ልኬት የሚመዘግበው የአሜሪካው ቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ ቀመር ግልጽ ነው። በየቀንዱ ርዝመቱ፣ ወደ ፊት የሚወጣው ቅርንጫፍና በአራት ቦታ የሚለካው ዙሪያ ይደመራሉ። እስቲ እንደምር። ርዝመቱ 16 ኢንች፣ ቅርንጫፉ 4፣ የአራቱ ዙሪያ ድምር 15.5 የሆነ ቀንድ 35.5 ያመጣል፤ ጥንዱ 71። ርዝመቱ 14.5 ብቻ ሆኖ ቅርንጫፉ 6፣ ዙሪያው 21 የሆነው ግን 41.5፤ ጥንዱ 83። ለክለቡ ቋሚ መዝገብ የሚያበቃው ደግሞ 82 ነው። አጭሩ ገባ፣ መለሎው ቀረ!

ግራና ቀኙ ካልተመጣጠኑ ልዩነቱ ይቀነሳል። (ይህ ሕግ ለእኔም አይዋጥልኝም፤ እንስሳው ያበቀለውን መንጠቅ ነው። እሱ ግን ሌላ ክርክር ነው።)

የዓምዱ ጸሐፊ ረጅም ቀንድ የዕድሜ ምስክር ነው ማለታቸውማ ጭራሽ አያስኬድም። ፕሮንግሆርን አጥንቱን የሚሸፍነውን የቀንድ ቅርፊት በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል፤ የዘንድሮው ከአምናው ሊያንስ ይችላል።

በዋዮሚንግ ሜዳ መነጽር የምታነሱ አዳኞች፣ ከቁመቱ በፊት የሥሩን ውፍረት እዩ፤ ቅርንጫፉ ከጆሮው ጫፍ በላይ መውጣቱንም አረጋግጡ።