የደጋ አጋዘን ጉዞና የፓርኩ ወሰን

የደጋ አጋዘን በኢትዮጵያ ብቻ፣ በተለይም በአርሲና በባሌ ደጋዎች የሚኖር፣ የመጥፋት አደጋ የተጋረጠበት እንስሳ ነው። ዓመቱን በአንድ ስፍራ አያሳልፍም፤ የሣሩ ልምላሜ ከወቅት ወቅት ሲለዋወጥ በጫካው፣ በአስታው ቁጥቋጦና በሣር ሜዳው መካከል ይዘዋወራል።

በ2011 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከአሰላ በላይ የሚታየውን ጭላሎን፣ እንዲሁም ገለማንና ካካን ማቀፉ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ይዞታው የተነጣጠሉ ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ በመካከላቸው የገብስ ማሳና መንደር ይገኛል። ማሳው ወደ ከፍታው በገፋ መጠን አጋዘኑ ከግጦሹ ወይም ከመሸሸጊያው ይቆራረጣል።

ስለሆነም ቆጠራ ብቻውን በቂ መረጃ ሊሆን አይችልም፤ በበጋ የተቆጠረ መንጋ በክረምት የሚያስፈልገውን ስፍራ አያሳይምና። የፓርኩ ወሰን ሲከለስ የአጋዘኑ ወቅታዊ ጉዞ አስቀድሞ ሊጠና፣ መተላለፊያውም ከአካባቢው ገበሬ ጋር በስምምነት ሊጠበቅ ይገባል።