ከሻንጣው በፊት

ልጅ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ሲል በብዙ ቤት መጀመሪያ የሚታሰበው ሻንጣው ነው። በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሳው ከሻንጣው በፊት ሊዘጋጅ ስለሚገባው ነገር ነው።

በጋምቤላ ክልል የሚገኘው ኢታንግ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1991 ከዓለም ታላላቅ የስደተኛ ሰፈሮች አንዱ ነበር። በ1991 ከኢታንግና ከፒኙዶ ከወጡት የደቡብ ሱዳን ልጆች ብዙዎቹ ኋላ በኬንያ ካኩማ ተማሩ። ከካኩማም በ2000 እና በ2001 ወደ 3,800 የሚጠጉ ወጣቶች አሜሪካ ገቡ።

የልደት ወረቀት ስላልነበራቸው የብዙዎቹ ዕድሜ በግምት ተጻፈ፤ የልደት ቀናቸውም ጃንዋሪ 1 ተባለ። ከ18 ዓመት በታች የተባለው አሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጥቶት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ በላይ የተባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥራ መያዝ ነበረበት፤ ትምህርት ከፈለገ ከሥራ መልስ አጥንቶ ጂ.ኢ.ዲ. ለተባለው የሁለተኛ ደረጃ አቻ ፈተና ይቀመጣል። መንገዱን የለየው በግምት የተጻፈ አንድ ቁጥር ነው።

ጂ.ኢ.ዲ. ዛሬ አራት ፈተና አለው፦ ሒሳብ፣ ቋንቋ፣ ሳይንስና ኅብረተሰብ። አንብቦ መረዳት የማይችል ተማሪ፣ ሰዋስው ብቻ ቢሸመድድ አያልፍም።

ስለዚህ የልጁን ልደት በጊዜው አስመዝግቡ። የየዓመቱን የትምህርት ውጤት ማኅተም አስመትታችሁ አስቀምጡ። በየቀኑም አንድ ገጽ እንግሊዝኛ አንብቦ በራሱ ቃል ይንገራችሁ። ልጅ አማና ነው፤ ወረቀቱም እንዲሁ።