ሲሚንቶ በዓይን አይለካም!
ለሰፈራችን የቦዲቲ ነዋሪዎች፤

ለጎርፍ መውረጃው ቦይ ክዳን መዋጮ ስንሰበስብ ግንበኛው ቆሞ አየና «12 ከረጢት ሲሚንቶ አምጡ» አለን። በምን ሂሳብ? ብንለው «በልምድ» አለ። ኧረ ጎበዝ! ልምድ ሜትር አይሆንም እኮ!

ሂሳቡ ይኸው። ክዳኑ ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ነው። ሲባዛ 1 ሜትር ኩብ ይመጣል። 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር ለሆነ ደህና አርማታ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ገደማ ይበቃል። ከረጢቱ 50 ኪሎ ነውና 7 ከረጢት ከትንሽ፤ ከነብክነቱ 8። ታዲያ 4ቱ ለማን ቤት ነው?

ዋጋ በኩንታል ሲጠራም ልብ እንበል፤ 1 ኩንታል 2 ከረጢት ነው። ይህን የዘነጋ ገንዘብ ያዥ እጥፍ ይከፍላል። ሲሚንቶ እንደ እንሰት ከጓሮ አይገኝም፤ በ2014 ዓ.ም. ዋጋው ሲሰቀል ሁላችንም አይተናል።

ማሳነሱም ሌላ ጥፋት ነው። ሲሚንቶ አጉድሎ ውሃ ያበዙበት አርማታ ይሰነጠቃል፤ ቦዩ ውስጥ የሚገባው የእኛው ልጅ ነው።

ስለዚህ ሜትር ሳይዘረጋ፣ ሂሳቡም በዚህ ሰሌዳ ላይ ሳይለጠፍ አንዲት ብር አናወጣም!

የሰፈሩ ማኅበር ኮሚቴ