እግሩ አጠረ ወይስ ተረከዙ ከመሬት ተነሣ?



በዚህ ወር የምናነሣው ጉዳይ በየቤቱ የሚገኝ አይደለም። በተገኘበት ቤት ግን እናትን እንቅልፍ ይነሣል። ቆልማማ እግር ይዞ የተወለደ ሕፃን ታክሞ እግሩ ከቀና በኋላ አንዱ እግሩ ከሌላው አጥሮ ሲታይ ምን ማድረግ ይገባል?

ነገሩን እንድጽፍ ያነሣሣችኝ አንዲት ጎረቤቴ ናት። የምንኖረው ኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ነው። ልጇ 3 ዓመት አልፎታል። ሲወለድ የግራ እግሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ተረከዙ ወደ ላይ ተሰቅሎ ነበር። በየሳምንቱ ጄሶ እየተቀየረለት እግሩ ቀና። በአንድ ዓመት ከጥቂት ወሩ ቆሞ ሲሄድ በግቢያችን ሰደቃ ተደርጎ አልሐምዱ ሊላህ አልን። የማታው ጫማ ግን፣ ያ በብረት የተያያዘው፣ ልጁን እያስለቀሰ ቤቱን ሁሉ አላስተኛ ስላለ 2 ዓመት ሲሞላው ተወው።

ከዚያ በኋላ ልጁ ማነከስ ጀመረ። አማቷ አይተው «ይህ ልጅ እኮ እግሩ አጥሯል» አሉ። ባትየውም ቀጭን ነው፣ እግሩም ከቀኙ ያነሰ ነው፤ ማን ይጠራጠራል? ጫማ ሰፊ ዘንድ ተወሰደና በግራው ጫማ ተረከዝ ላይ ሁለት ጣት የሚያክል ታኮ ተለጠፈለት። እውነቱን ለመናገር አካሄዱ ተሻሻለ። ሁላችንም ተደሰትን፤ እኔም ከተደሰቱት አንዷ ነበርኩ።

በረመዳን አንድ ምሽት ለኢፍጣር ጠሩኝ። በቴምር ካፈጠርን በኋላ መግሪብ ሲሰገድ ልጁ እንደ ልጅ ወጉ ከአያቱ ጎን ባዶ እግሩን ቆመ። ከኋላ ሳየው የቀኝ ተረከዙ ምንጣፉ ላይ ነው፤ የግራው ግን ከምንጣፉ ተነሥቷል። ክፍተቱም ልክ ታኮውን ያክላል።

ከሶላት በኋላ «እኅቴ፣ ልጅሽ ጫማ ሳያደርግ ተረከዙ መሬት ይነካል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እግሩ ስላጠረ አይደል እንዴ የማይነካው? ለዚያ እኮ ነው ታኮ ያሠራንለት፤ እርስዎም ጥሩ ሆነ ብለውኝ ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ብያት ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ጽሑፉን ያጻፈኝ ይህች ነጥብ ናት። አንድ እግር ከሌላው ያጠረ መስሎ የሚታይባቸው ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች አሉ። አንደኛው እግሩ በእርግጥ በመጠኑ አጥሮ ሲገኝ ነው። ሁለተኛው የተረከዙ ጅማት እንደገና ሲጠብቅና ቆልማማነቱ ሲመለስ ነው። ከሩቅ ሲያዩዋቸው ሁለቱም ማነከስ ናቸው፤ መፍትሔያቸው ግን ፈጽሞ ይለያያል። ለመጀመሪያው ጫማን ከፍ ማድረግ ሊረዳ ይችላል። ለሁለተኛው ተረከዝን በታኮ መደገፍ ጉዳቱን ከዓይን ይሸሽገዋል እንጂ አያቃናውም። ጅማቱ አጥሮ እንደተቀመጠ ወራት ያልፋሉ፤ በጄሶ ብቻ ሊመለስ ይችል የነበረው እግር ቀዶ ጥገና እስኪፈልግ ድረስ ይቆያል።

አስቀድሞ ስለ እውነተኛው ማጠር ጥቂት እንበል። ቆልማማ እግር በዓለም ዙሪያ በግምት ከ1000 ሕፃናት በ1 ላይ ይታያል። ከወንዶቹ የሚያዙት ከሴቶቹ በእጥፍ ይበልጣሉ። በግማሽ ያህሉ ሕፃናት ሁለቱም እግሮች ናቸው የሚታጠፉት፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱም ስለሚመሳሰሉ መበላለጡ ብዙ አይታይም። ችግሩ የሚጎላው አንዱ ብቻ ሲሆን ነው። ምክንያቱም ቆልማማነት የአጥንት መጣመም ብቻ ሳይሆን ከጉልበት በታች ያለውን ጡንቻ፣ ጅማትና የደም ሥር ጭምር የሚነካ በመሆኑ ነው። ስለዚህ ሕክምናው ፍጹም ቢሳካ እንኳ የታመመው እግር ባት ይቀጥናል፣ የእግሩ መጠን ከግማሽ እስከ አንድ ቁጥር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያንሳል፣ ርዝመቱም በጥቂቱ ያጥራል። ብዙ እናቶች «ጄሶው ነው ያቀጠነው፣ ጄሶው ነው ያሳጠረው» እያሉ ይጸጸታሉ። ጄሶው ለጊዜው ጡንቻውን ቢያሳንፈውም የልዩነቱ ሥር ልጁ ሲወለድ ይዞት የመጣው ነው። ቅባት ማሸት ባቱን አያወፍረውም፤ ወጌሻም ቢጎትተው አይረዝምም። መሮጥና መጫወት ግን ጡንቻውን ያጠነክረዋል።

ታዲያ ማጠሩ ምን ያህል ነው? ሌላ ሕመም የሌለበት ቆልማማ እግር ብዙውን ጊዜ የሚያጥረው ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ነው። ይህን ያህል መበላለጥ ምንም ሕመም በሌለባቸው አዋቂዎችም ላይ የሚገኝ ነውና ሐኪም ምንም አያደርግለትም። እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ድረስም አብዛኛውን ጊዜ መከታተል ብቻ ይበቃል። ከ2 በላይ ከሆነ ጫማን ማሳደግ ይታሰባል። ልጁ እያደገ ሲሄድም የረዘመውን እግር እድገት በትንሽ ቀዶ ጥገና በተገቢው ዕድሜ ገታ ማድረግ አለ። ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ለሚደርሰው ደግሞ አጥንት የማስረዘም ሕክምና አለ፤ እርሱ ረጅምና አድካሚ ነው። ነገር ግን በቆልማማ እግር ብቻ ምክንያት እዚህ መድረስ ብርቅ ነው። በትንሽ ልጅ ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ከታየ ሐኪሙ ሌላ ምክንያት ይፈልጋል። የዳሌ መውለቅ ሊሆን ይችላል፤ የጀርባ አጥንት ክፍተት ወይም ከቅልጥም አጥንቶች የአንዱ በትክክል አለመፈጠርም ሊሆን ይችላል። የጭኑ እጥፋቶች ከተበላለጡ፣ ዳይፐር ሲቀየርም አንዱ ጭን እንደ ሌላው ወደ ጎን አልከፈት ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መሄድ ይገባል።

ልኬቱስ? በልብስ ሰፊ ሜትር ቤት ውስጥ መለካት፣ በተለይ የሚንፈራገጥ ሕፃንን፣ ብዙ ያሳስታል። ሌላም ስሕተት አለበት። ሜትር ከዳሌ አጥንት እስከ ውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ነው የሚለካው፤ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለውን የእግር ከፍታ አይቆጥርም። ቆልማማ የነበረ እግር ደግሞ ዝቅ የሚለው አንዱ እዚያው ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ውፍረታቸው የታወቀ ጣውላዎችን ባጠረው እግር ሥር እየደራረቡ ዳሌው እኩል እስኪሆን ያያሉ፤ ካስፈለገም ራጅ ያስነሣሉ። ቤት ውስጥ ማየት የሚፈልግ ወላጅ ልጁን ባዶ እግሩን፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ፣ በጠፍጣፋ ወለል ላይ ያቁመውና ከኋላ ይመልከት። አስቀድሞ ተረከዞቹን ይይ። ሁለቱም መሬት ከያዙ በኋላ ነው ወደ ዳሌው የሚኬደው። አንዳንድ ሰው መጽሐፍ ከእግር ሥር ያስቀምጣል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኛ ቤት ግን መጽሐፍ አይረገጥም፣ ጣውላ አይጠፋም። የተወለደበት ልዩነት እንደ አካሉ መጠን አብሮ የሚያድግ ስለሆነ አንድ ጊዜ ተለክቶ አይተውም፤ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ መታየት አለበት።

አሁን ወደ ማታው ጫማ እንመለስ። ዛሬ በአገራችንም ሆነ በሌላው ዓለም የሚሠራበት ሕክምና የዶክተር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ዘዴ ነው። ፖንሴቲ እ.ኤ.አ. በ1914 በስፔን ሚኖርካ ደሴት የተወለዱ ሐኪም ናቸው። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ቁስለኞችን ሲያክሙ ቆይተው ተሰደው በመጨረሻ በአሜሪካ አዮዋ ተቀመጡ። በዚያ ዘመን ቆልማማ እግር በትልቅ ቀዶ ጥገና ይከፈት ነበር፤ እግሩም በኋላ ይገትርና ያም ነበር። እርሳቸው ግን እግሩን በእጅ ቀስ በቀስ እያቃኑ በየሳምንቱ ጄሶ መቀየርን መረጡ። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጄሶ ይበቃል። ከዚያም የተረከዙ ጅማት ቦታውን አደንዝዞ በትንሽ ምላጭ ይቆረጥና የመጨረሻው ጄሶ ለ3 ሳምንት ይታሠራል፤ ጅማቱም ረዝሞ ይገጥማል። የሥራ ባልደረቦቻቸው ዘዴያቸውን ለብዙ አሥርት ዓመታት ችላ አሉት። በኋላ ግን ወላጆች ራሳቸው እየተነጋገሩ አስፋፉት። ፖንሴቲ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

ከጄሶው ቀጥሎ የሚመጣው በብረት የተያያዘ ጫማ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በቀን 23 ሰዓት ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ በሌሊትና በቀን እንቅልፍ ብቻ፣ ልጁ 4 ወይም 5 ዓመት እስኪሆነው ድረስ። የታመመው እግር 70 ዲግሪ፣ ጤነኛው 40 ዲግሪ ያህል ወደ ውጭ ይዞራል፤ የብረቱም ርዝመት እንደ ልጁ ትከሻ ስፋት ነው። ጤነኛው እግር ለምን ይታሠራል የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ብረቱ የታመመውን እግር አዙሮ መያዝ የሚችለው በሌላው እግር ተደግፎ ስለሆነ ነው፤ ጤነኛውን አይጎዳውም፣ አያሳጥረውምም። ቆልማማነት የሚመለስበት ዋናው ምክንያት ይህ ጫማ ቶሎ መተዉ ነው። ልጁ ያለቅሳል፣ ጎረቤት «ምን ያሰቃዩታል» ይላል፣ አባት ጠዋት ሥራ አለው። እናቲቱ ደከማት ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ሌሊቱን ያላደረ ግን ባይፈርድ ይሻላል።

ስለ ጫማ መግዛት ብዙ እናቶች ይጠይቃሉ። ልዩነቱ እስከ አንድ ቁጥር ከሆነ ለትልቁ እግር የሚሆነውን ገዝቶ በትንሹ በኩል ውስጠኛ ገበር መጨመርና ማሠሪያውን ጠበቅ ማድረግ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ሁለት ጥንድ መግዛት ሊያስፈልግ ነው፤ ወጪው ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ትልቁን እግር በጠባብ ጫማ ማሠቃየት ግን አይገባም። ሐኪም ጫማው ከፍ ይበል ካለ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው በጫማው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከዚያ የበለጠው ግን በሶሉ ላይ፣ ከተረከዝ እስከ ፊት ድረስ ይጨመራል እንጂ በተረከዙ ብቻ አይደለም። ልኩም ከልዩነቱ ትንሽ አነስ ይላል። በመስጊድና በቤት ውስጥ ጫማ ሲወልቅ ከፍታው ይቀራል ብላችሁ አትጨነቁ፤ ለዚያች ሰዓት ባዶ እግር መሆን ልጁን አይጎዳውም። ቁርጭምጭሚቱ የሚገትረው ልጅ ለአትተሕያቱ እንደ እኩዮቹ መቀመጥ ቢያቅተው እንደ ቻለው ይቀመጥ። የመድረሳ ኡስታዞችም ይህን እንዲያውቁት ወላጅ አስቀድሞ ቢነግራቸው መልካም ነው። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሓቦች መካከል ብርቱ አንካሳ የነበሩትን፣ በኡሑድ ሸሂድ የሆኑትን ዐምር ኢብኑል ጀሙሕን የምናከብር ሰዎች ልጅን በእግሩ ስም ስናወጣለት መስማት ያሳፍራል።

ለሕክምናው የት ይኬዳል ለምትሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል በዚህ ሥራ የታወቀ ነው፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም የአጥንት ሕክምና ክፍል አለው። እ.ኤ.አ. በ1962 የተጀመረው ቼሻየር በመናገሻ ማዕከሉ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ሕፃናት ሲረዳ ኖሯል። በራሳችን ክፍለ ከተማ ዘነበ ወርቅ የሚገኘው አለርት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕክምና ሲሆን፣ ለሕሙማን ልዩ ጫማ በመሥራት ስሙ የሚነሣ ነው።

ጎረቤቴ ከዒድ በኋላ በሳምንቱ ልጁን ወደ ሐኪሙ ወሰደችው። ሐኪሙ አልተቆጣትም። ጄሶ በየሳምንቱ እየተቀየረ 3 ጊዜ ታሠረለት። ጅማቱን እንደገና መቁረጥ አላስፈለገም፤ የማታው ጫማም ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ባዶ እግሩን አቁመው በጣውላ ሲለኩት ልዩነቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። አማቷ «ይህችን ብቻ?» ብለው ጣውላዋን ተቀብለው አገላብጠው አዩዋት። ታኮውን ያስነቀልነው እዚያው ጫማ ሰፊ ዘንድ ነው። ምክንያቱን ስንነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ጫማውን ሲያይ ቆየና ሒሳብ አልቀበልም አለን፤ ሌላ እናት እንዲህ ያለ ታኮ ልታሠራ ስትመጣም አስቀድሞ ልጁን ባዶ እግሩን እንደሚያቆመው ነገረን።